ቅቤ የተቀባው ዛፍ

ዛፍ ቅቤ የምትቀባ አያት ኖራኝ አታውቅም። የእኔ አያት አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ተወልዳ ቂርቆስ ያረጀች ሴት ናት። ከዛፍ ጋር የነበራት ግንኙነት የጎረቤት ባሕር ዛፍ ቅጠሉን እያራገፈ አሸንዳዋን ስለደፈነባት፣ ይቆረጥልኝ ብላ ለቀበሌ ሦስት ጊዜ ማመልከቷ ብቻ ነው። ይህን እያወቅኩ ሮም ውስጥ፣ አሥራ ሦስት ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል፣ አያቴ በየዓመቱ ትልቅ ሾላ ሥር ሄዳ ግንዱን ቅቤ ትቀባ ነበር ብዬ ተናገርኩ። ለምን እንደዋሸሁ ላስረዳ፤ ብስጭቴ ዛሬም አልበረደልኝም።

አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት አዳሪ ሆኜ እየተንከባከብኳቸው ነው የምኖረው። የዕረፍት ጊዜዬ ሐሙስ ከሰዓት ነው። እሱንም ኤስኲሊኖ ሰፈር አጠገብ ላለ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ሰጠሁት፤ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ወረቀት ከሌለኝ የሆስፒታል ረዳትነት ኮርሱ አይመዘግበኝም። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ አንድ ሐበሻ ብቻ ነበሩ። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሰው ናቸው፤ ከከተማው ዳር፣ ሮማኒና በሚባል ሰፈር ካለና ስደተኞች ከሞሉት ሕንፃ በአውቶቡስና በሜትሮ እየመጡ ከኋላ ይቀመጣሉ። ጋሼ እላቸው ነበር። የእሳቸው ጉዳይ ከእኔ ይብስ ነበር። መናፈሻ የሚንከባከብ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወረቀቱን ካመጡ ሊቀጥራቸው ቃል ገብቶላቸዋል፤ ባለፈው ዓመት ግን የቃል ፈተናው ላይ ምንም ሳይናገሩ ቆመው ወደቁ። ዘንድሮም ከወደቁ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። መምህሯ አደራ እርጂያቸው ብላኝ ነበር።

አብረን የምናነበው ስለ ሰውና ስለ ተፈጥሮ የተጻፈ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነበር። ለአሥራ ሦስት ሰው አምስት ቅጂ። መምህሯ መካፈልም ተፈጥሮን መጠበቅ ነው አለችን፤ ደግ አለች። ግን ያቺው ሴት ፕላስቲክ ምድርን እንዴት እንዳነቀ የሚያወራውን ምዕራፍ ማጠቃለያ ለእያንዳንዳችን አትማ፣ እንዳይበላሽ ብላ በፕላስቲክ ለብጣ አመጣችልን። ቀና ብዬ ሌሎቹን አየሁ። ሁሉም እያመሰገኑ ይቀበሏታል። በየተራ አንድ አንድ አንቀጽ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነባለን፤ ከፔሩ የመጣችው ሴትዮ በየቃሉ ትቆማለች፤ አንዷን ገጽ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሲኞራዬ ጋ ሲመሽ የማበስለውን እያሰብኩ እግሬን አወዛውዛለሁ።

ቀጥሎ ደግሞ እያንዳንዳችን ከተፈጥሮ ጋር ስላለን ግንኙነት እንድንናገር ተጠየቅን። የቃል ፈተናችንም ይኸው ነው ተባለ። እኔም እውነቱን ተናገርኩ። በየጠዋቱ የምግብ ትራፊውን ለብቻ፣ ወረቀቱን ለብቻ፣ ፕላስቲኩን አጥቤ ለብቻ አድርጌ አራት ፎቅ በደረጃ ይዤ እወርዳለሁ። ታች ስደርስ ገንዳው ሞልቶ ፈሷል፤ የባሕር ወፎች ከረጢቱን ቀዳደው እኔ የለየሁትን ሁሉ መልሰው ደበላልቀውታል። ከዚህ የበለጠ ምን ግንኙነት ይምጣ? መምህሯ በትዕግሥት ፈገግ አለች። ጥሩ ነው፣ ግን ከአገርሽ የሆነ ነገር የለም ወይ አለችኝ፤ እናንተ መሬትን የምታዳምጡ ሰዎች ናችሁ አለችኝ። የማዳምጠው የቀበሌ ድምፅ ማጉያ ነበር ልላት ፈልጌ ተውኩት። በሚቀጥለው ሐሙስም ያንኑ ጠየቀችኝ። በሦስተኛው ሐሙስ ሰለቸኝና ድሮ በቴሌቪዥን ያየሁትን የዛፍ ሥርዓት ለአያቴ ሰጠኋት።

የመምህሯ ዓይን እንባ አቀረረ። ዛፉ በወፍራም ወረቀት ላይ ተሣለ፤ ግንዱ ላይ ቢጫ ቀለም ተቀባለት፤ እሱም በፕላስቲክ ተለበጠና ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞራ፣ እርስዎም አገር እንዲህ ያለ ዛፍ አለ ወይ ስትል ጠየቀቻቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝ። አለ፣ እውነት ነው አሉ። መምህሯ እጇን አጨበጨበች። ሁለታችንም በፈተናው ስለዛፉ እንድንናገር ወሰነች።

እኔ ለጋሼ ተደሰትኩላቸው። ቢያንስ የሚናገሩት ነገር ተገኘላቸው። ከትምህርት በኋላ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ድረስ አብረን እንሄድና ሜትሮ ከመግባታቸው በፊት አግዳሚ ወንበር ላይ አስጠናቸው ነበር። ዛፉ ትልቅ ነው። ሽማግሌዎች ቅቤ ይቀቡታል። ጥላው ሥር ሰው ይታረቃል። ይህን ሁሉ ያለችግር ይሉታል። «አይቆረጥም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ዝም ይላሉ። በየሳምንቱ እዚያው ቦታ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ ሦስት የጣልያንኛ ቃል እኮ ነው! ኖን ሲ ታልያ። ሥራዎ በዚህ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ምን ነካዎት?»

«ቃሉ አልከበደኝም ልጄ» አሉና ደረጃውን ወርደው ሄዱ።

ግትር ሽማግሌ ብዬ በሆዴ ሰደብኳቸው። ለእሳቸው ብዬ ሲኞራዬ ጋ ዘግይቼ ስገባ የምሰማውን ቁጣ እያሰብኩ አውቶቡሴን ያዝኩ።

ፈተናው ሰኔ ላይ ደረሰ። እኔ ቀድሜ ገባሁ። የአያቴን ቅቤ እንደልቤ አፈሰስኩት፤ ፈታኞቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ ከኋላ ወንበር ላይ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ጋሼ ተጠሩ። ካውያ ያልነካው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል። ዛፉ ትልቅ ነው አሉ። ቅቤ ይቀቡታል አሉ። ሰው ይታረቅበታል አሉ። እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እኔ ከኋላ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ቃሉን ልሰጣቸው ሞከርኩ። ፈታኙ ሰዓቱን አየ። ወደቁ አልኩ፤ አበቃ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አሉ በጣልያንኛ።

ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ያህል ዓመቱን ሙሉ ተናግረው አያውቁም። ጣልያንኛቸው ተሰባብሮ፣ ግሱ ከስሙ ተጣልቶ፣ ግን ሁሉም ገባን። ከዝዋይ ወዲያ ነው አገራቸው። ዝናቡ ሦስት ዓመት ቀረ፤ በሬዎቹ አለቁ። ሰዉ ግራሩን እየቆረጠ፣ ከሰል እያከሰለ መንገድ ዳር በማዳበሪያ ከረጢት አቁሞ መሸጥ ጀመረ። ግራሩም አለቀ። በመጨረሻ እሳቸውና ወንድማቸው ሾላውን ቆረጡት። ብዙ ቀን ፈጀባቸው። አባታቸው ቅቤ ሲቀቡት ያዩት ዛፍ ነበር። ለዚያውም የሾላ ከሰል ከሰል አይደለም፤ እየተንጣጣ ቶሎ አመድ ይሆናል።

ከሰሉን ማን ገዛዎት ብሎ አንዱ ፈታኝ ጠየቃቸው።

«አዲስ አበባ» አሉ። ወደ እኔ አልዞሩም።

ከፈታኞቹ ጋር የተቀመጠችው መምህሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ስለዛፉ ባህል የሚጨምሩት ካለ ብላ በልምምጥ ጠየቀቻቸው። የለኝም አሉ። ቫ ቤኔ፣ ግራትስዬ፣ እሺ እናመሰግናለን ተባሉና ወጡ።

ውጤቱ በሳምንቱ በር ላይ ተለጠፈ። ከአሥር እኔ ዘጠኝ፣ ጋሼ ስድስት። ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከእሳቸው ጋር ተርሚኒ ድረስ ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ስጮህ ነበር፤ ለእኔ ውሸት ዘጠኝ ሰጥተው ለእርስዎ እውነት ስድስት፣ ይሄ ነው መሬትን ማዳመጥ፣ ተመልሼ ሄጄ እነግራቸዋለሁ እያልኩ። እሳቸው ፈገግ ብለው ይሰሙኛል።

«ተይ ልጄ። ስድስት ማለፊያ ነው፤ ካለፍክ ሰኞ ሥራ ግባ ብለውኛል። ደግሞ እንደዋሸሽ የመጀመሪያውን ቀን ነው ያወቅኩት» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ቅቤ የሚቀባ ሰው ሾላ ብሎ አያልፍም። ዛፉን በስሙ ነው የሚጠራው።»

የእሳቸውን ዛፍ ስም ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ አፈርኩ። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከፈተናው ቀን ጀምሮ አንድ ትዝታ እየተመላለሰብኝ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት፣ ቤታችን የገባው ከሰል አልነድ ብሎ እናቴን አስለቅሷት ነበር። ይንጣጣል፤ ሽሮው ሳይፈላ አመድ ይሆናል። ከረጢቱን አሸክማ መልሽው ብላ ላከችኝ። እኔም ከሰል ሻጯን ሌባ ብዬ ሰደብኳት። ግራር ከየት ላምጣልሽ፣ አልቋል እኮ፣ ይህንንም ነገ አታገኚውም አለችኝ። ተሸክሜው ተመለስኩ፤ ክረምቱን ሙሉ ያንኑ አነደድን።

ይህን ለጋሼ ነገርኳቸው። ዓመቱን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ።

«እንግዲያው ደርሷችኋል ማለት ነው» አሉኝ።

ከትምህርት ቤቱ የተሰጣቸውን የማለፊያ ወረቀት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ሜትሯቸው ወረዱ።