የልጅቷ ክርን

ጋሽ አይዞህ ደክሞታል። ስሙ ሌላ ነው፤ አጥንት ሲጎትት «አይዞህ፣ አይዞህ» ማለት ስለሚያበዛ የሰፈሩ ሰው ዋናውን ስሙን ከረሳው ቆይቷል። አርባ ዓመት ሙሉ ወለምታ ሲያሽ፣ ስብራት ሲጠግን የኖረ ወጌሻ ነው። ዛሬ ግን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ከሴት ልጁና ከሰባት ዓመቷ የልጅ ልጁ መሀል ተቀምጦ ወረፋ ይጠብቃል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ካየ ሰንብቷል።

ልጅቷ ከደረጃ ከወደቀች አራተኛ ወሯ ነው። የቀኝ ክርኗ እንደ መጥረጊያ እንጨት ቀጥ ብሎ ቀርቷል፤ እጇ አፏ ጋ አይደርስም፣ የምታበላት እናቷ ናት። ማን አሰረው ቢባል፣ ሌላ ማን! አያትየው እብጠቱን አይቶ «ወለምታ ነው» አለ። ጎተተ፣ አሸ፣ በእንጨት ደግፎ ጠፍሮ አሰረ። በሦስተኛው ቀን ሲዳብሰው ነገሩ ሌላ መሆኑ ገብቶት ነበር። ግን ያን ሁሉ ዘመን የታመነ ሰው ምን ብሎ ይናገር? «ጊዜ ይፈልጋል» አለ። ጊዜውም ሄደ።

ተራቸው ደርሶ ገቡ። ሐኪሟ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስታ አየች።

«ክርኑ ከቦታው ወጥቷል። ይኼን ያህል ስለቆየ እንዲሁ አይመለስም። ከፍተን፣ የሞላውን ጠባሳ ጠርገን፣ አጥንቱን መልሰን በሽቦ እንይዘዋለን። ለመሆኑ ማነው ያሰረው?»

የልጅቷ እናት ውሸት አትችልበትም። ለአባቷ ስትል ግን «አንድ መንገደኛ ወጌሻ ነው፤ አናውቀውም» አለች።

«እጁን ይንሳው!» አለች ሐኪሟ። ጋሽ አይዞህ እጆቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

«ስንት ጊዜ ጎተተው? ትንሿ ጣቷ ደንዝዛ ነበር? ነርቩ ተጎድቶ ከሆነ ሳልከፍት ማወቅ አለብኝ።»

«አንዴ... መሰለኝ። ጣቷም ደህና ነበረች» አለች እናትየዋ።

ኧረ የት ደህና! ሦስት ጊዜ ነው የጎተተው። ጣቷ አሥር ቀን ደንዝዛባት ልጅቷ ለአያቷ ብቻ ነግራው፣ «ያልፋል» ብሏታል። አሁን ዝም ቢል ስሙ ይተርፋል።

«ሦስት ጊዜ ነው» አለ። «እኔ ነኝ የጎተትኩት። ጣቷም አሥር ቀን ደንዝዛ ነበር።»

ልታዋርደኝ ነው ብሎ አንገቱን ደፋ። ሐኪሟ ግን ወንበር ሳበችለት።

«ይቀመጡ አባት። ወዴት ወዴት እንደጎተቱት በራስዎ ክንድ ያሳዩኝ።»

አሳያት፤ እሷም ጻፈች። የልጅ ልጁ ሁሉንም ትሰማለች።

ውጭ ሲወጡ ሴት ልጁ አለቀሰች። «አባዬ፣ ምን አስለፈለፈህ? እኔ ላንተ ብዬ እኮ ነው!»

«ስም ምን ሊያደርግልኝ? እጁ የሷ ነው» አላት።

ቀዶ ጥገናው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሽቦው በሦስተኛው ሳምንት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያለው ነው ሰው የሚጨርሰው፤ ልጅቷ በቀን አራት ጊዜ፣ ራሷ፣ ክርኗን ማጠፍ አለባት። ማሸትም መጎተትም ክልክል ነው። ጋሽ አይዞህ አጠገቧ ይቀመጣል። ጣቶቹን ይበላዋል፤ እንዳይነካት ጭኑ ስር ይሸጉጣቸዋል። ክርኑ ዛሬ ትንሽ እሺ ይላል፣ ነገ እንደገና ይገግማል።

አንድ ቀን ሾርባ ስትሞክር ማንኪያው አገጯ ጋ ደርሶ ቆመ። ምላሷን አውጥታ ልትደርስበት ስትል ደረቷ ላይ ፈሰሰ። ሁለቱም በሳቅ ፍርስ አሉ። ከዚያ ልጅቷ ሳቋን አቁማ አየችው።

«አባባ፣ አውቀህ ነው እንዲህ ያደረግከኝ?»

«ኧረ በፍጹም፣ እናቴ! መጀመሪያ አላወቅኩም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላውቅም አላልክም?»

በአርባ ዓመት ይኼን የጠየቀው ሰው የለም።

«አፍሬ ነው» አላት።

ልጅቷ ማንኪያዋን ሞልታ እንደገና ወደ አፏ አነሳች።