የእናቴ ጠረጴዛ ሲፋቅ

ሰሞኑን የቢሮአችን በሮች ቫርኒሽ ሲቀቡ ያ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ኮሪደሩን ሞላው። ባልደረቦቼ መስኮት ሲከፍቱ እኔ ቆሜ ሳብኩት። ቦንጋ የነበረው የአባቴ ግቢ ትዝ አለኝ።

ኢሕአዴግ ከገባ አራት አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏል፤ አባቴ ከደካ ገጠር ያመጣት እንጀራ እናቴ አንድ ልጅ ወልዳ ሁለተኛውን አርግዛለች። ሳሎናችን ውስጥ እናቴ ያሠራችው ትልቅ የዋንዛ ጠረጴዛ ነበር። ከሞተች ወዲህ ማንም አልበላበትም። ዳንቴል ለብሶ፣ ፎቶዋን ተሸክሞ ይቀመጣል፤ እኛ በርጩማ ላይ ሆነን ትሪ ከበን እንበላለን። ከዳንቴሉ ሥር ግን ጣሪያው እያፈሰሰበት ቫርኒሹ ተልጦ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠረጴዛው በረንዳ ላይ ወጥቶ፣ እንጀራ እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቀው አገኘኋት። ግማሹ ተፍቋል። ብናኙ ቅንድቧ ላይ ሳይቀር አርፏል።

«የእናቴን ዕቃ ማን ይንኩ አለዎት?» አልኳት።

እጇ ቆመ። «እየበሰበሰ ነው» አለች፣ የከፋው ቋንቋ ካፊኖኖ በሚጎትተው አማርኛዋ። «በደንብ ተፍቆ ሦስቴ ከተቀባ ውሃም ትኩስ ድስትም ይችላል ብሎኛል አናጺው። ልጆቹ ይብሉበት፣ አንቺም አጥኚበት ብዬ ነው።»

«ይተዉት።»

ተወችው። ፎቶውን የት እንደጣለችው ለማየት ገባሁ፤ መስታወቱ ተወልውሎ ከአልጋዬ ራስጌ ተሰቅሏል። እንዲያም ሆኖ አላናገርኳትም።

ጠረጴዛው በግማሽ እንደተላጨ ራስ አራት ቀን እዚያው ቆመ። አባቴም በጎኑ እያለፈ ይገባል፣ ይወጣል። በአምስተኛው ቀን ዝናብ መጣ። የቦንጋን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ነፋሱ በረንዳው ድረስ ይረጨዋል። ከክፍሌ ስወጣ ያን ከባድ ጠረጴዛ፣ በዚያ ሆዷ፣ ብቻዋን ትጎትታለች። አልጠራችኝም። ሮጬ በሌላው ጫፍ ያዝኩ። ሳሎን ስናስገባው ሁለታችንም በስብሰናል። ሻሿን ፈትታ መጀመሪያ ያደረቀችው ራሷን ሳይሆን እንጨቱን ነበር።

«የቀረውን አንቺ ፋቂው» አለች ቀስ ብላ። «ካልፈለግሽ ግን ይቅር።»

ፋቅኩት። የእንጨቱን መስመር ተከትዬ እንድገፋ እጄን ይዛ አሳየችኝ። በስሱ ቀባን፤ እስኪደርቅ ጠበቅን፤ በቀስታ ፋቅ ፋቅ አድርገን ደግመን ቀባን። ሦስተኛው ሲደርቅ ዋንዛው የማር መልክ አወጣ።

የመጀመሪያው ምሳ ላይ ድስቱን ከነትኩሳቱ አሳረፈችበት። ለሁላችንም አወጣችና የራሷን ይዛ እንደ ልማዷ ወደ ጓዳ ዞረች።

«አንቺ አትቀመጪም?» አልኳት።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንደ ባዳ «እርስዎ» ነበር የምላት። አባቴ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። እሷ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳነውም።

አምስት ልጆች በልተንበት፣ አጥንተንበት፣ ተጣልተንበት አደግን። እሷን አምና ቀበርናት። በሐዘኑ ሰሞን የመጨረሻዋ እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «እማዬ ስላንቺ ሁሌ የምትለን ነገር ነበር» አለችኝ።

«ምን?»

«‹እዚህ ቤት ያስቀመጠችኝ ታላቅ እህታችሁ ናት› ትለን ነበር።»