አርባ አንድ ጊዜ ወደ ግራ

ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ዓይናማ» ይላታል። ከስፌት መስመሩ የወረደ ሸሚዝ ሁሉ ካርቶን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በጠረጴዛዋ ላይ ያልፋል። ኮሌታውን ትገለብጣለች፣ እጅጌን ከእጅጌ ታስተያያለች፣ የቁልፍ ቀዳዳውን በአውራ ጣቷ ጥፍር ትዳስሳለች። ሌላው መነጽር አድርጎ የሚፈልገውን የዘለለ ስፌት እሷ ሸሚዙ ገና ከሰው እጅ ሳይወጣ ታየዋለች። አንዱ በክንዱ ያድራል፣ ሌላው በምላሱ፤ እሷ የምታድረው በዓይኗ ነው።

የሥራ መደቧ «ተጠባባቂ የጥራት ኃላፊ» ይባላል። ተጠባባቂነቱ የተሰጣት የቀድሞው ኃላፊ ጡረታ በወጡ ማግስት ሲሆን፣ እነሆ ስድስት ዓመት ጠብቃለች። የኃላፊ ሥራ ትሠራለች፣ በኃላፊነት ትጠየቃለች፣ ዕቃ ተመልሶ ሲመጣ በኃላፊ ወግ ትሰደባለች፤ ኃላፊ ግን አይደለችም፤ ዲግሪ የላትምና። ከአራት ዓመት በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈ አንድ ገጽ ነገሩን በማያሻማ ቋንቋ ደመደመው፦ የአራት ዓመት ጊዜ ተሰጥቶ፣ ከተቆረጠው ቀን በኋላ የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለው ሠራተኛ በኃላፊነት አይቆይም፤ ወደ ቀድሞ የሥራ መደቡ ይመለሳል።

«ወደ ቀድሞ የሥራ መደቡ ይመለሳል» የሚለው ሐረግ በወረቀት ላይ ለስላሳ ነው። የእሷ የቀድሞ መደብ ክር ቆራጭነት ነበር። ክር ቆራጭ ደግሞ በፈረቃ ይሠራል፤ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። በጥራት ክፍሉ ውስጥ ጠዋት ገብቶ አመሻሽ ላይ የሚወጣው ኃላፊው ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ቀን ቀን መዋዕለ ሕፃናት የሚይዝላት፣ ሌሊት ግን ብቻዋን ልትተዋት የማትችል ልጅ አለቻት።

ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው። አነጋገሯ የትልቅ ሰው ስለሆነ እናቷ «እሜቴ» ትላታለች። ሕመሟ ጩኸት የለውም። እያወራች ወይም እየሣቀች ድንገት ፈዛ ትቀራለች፤ ዓይኗ ተከፍቶ አያይም፣ ጆሮዋ አይሰማም። አሥር፣ አሥራ አምስት ሴኮንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ወይ ትመለሳለች፣ ወይ ትወድቃለች። አንድ ጊዜ ወድቃ የጠረጴዛ ጠርዝ ቅንድቧን ሰንጥቆታል። አባቷ ያን ቀን ደሙን ጠረገ፣ በወሩ ሌላ ከተማ ሄዶ ሌላ ጎጆ ቀለሰ። ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈላት፤ ብዕሩን ሳያስቀምጥም ለእናቲቱ፣ «ዋናው መድኃኒት አንቺ ነሽ። ዓይንሽ አይለያት» አላት፤ የሕክምና ወረቀቱም ላይ ይህንኑ አሰፈረው።

ዲግሪ ፍለጋ የተመዘገበችበት የርቀት ትምህርት ተቋም ራሱን ያስተዋወቀው «ሥራና ልጅ ለያዛችሁ» ብሎ ነው። ክፍያው ከአቅም፣ ሰዓቱ ከኑሮ ጋር እንደሚስማማ፣ የንግድ ሥራ አመራር ዲግሪውም በየትኛውም መሥሪያ ቤት ተቀባይነት እንዳለው አስታወቀ። በዚህ ሁሉ አልዋሸም። ክፍያው በእርግጥ ርካሽ ነበር። እንዴት ርካሽ ሊሆን እንደቻለ ግን የመመዝገቢያ ቅጹ አይናገርም፤ ርካሽ የሆነው ሰው ስለተወገደበት ነው። መምህሩ ከዓመታት በፊት የተቀዳ ድምፅ ነው፤ አራሚው ማሽን ነው፤ ፈታኙ ካሜራ ነው፤ አቤቱታ ሰሚው ራሱ በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም ነው። የሚንኳኳ በር የለውም፤ የሚለመን ዘበኛ እንኳ የለውም።

ሦስት ዓመት ከአሥር ወር ተማረች። በአውቶቡስ ቆማ፣ በሐኪም ቤት ወረፋ ተቀምጣ፣ በምሳ ሰዓት ጨርቅ መጋዘን ውስጥ በጥቅሎቹ መካከል ተሸጉጣ ተማረች። እዚያ የምትመጣባት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ የኮሌታ ሰፊዋ ጓደኛዋ፣ ስታወራ ማጥፊያ ስለሌላት «ሬዲዮ» የምትባለው።

«አንቺ፣ ዛሬ ደግሞ ምን እያስተማሩሽ ነው?»

«የሰው ኃይል አስተዳደር። የመጨረሻው ትምህርት ነው።»

«አስተማሪው ወንድ ነው ሴት?»

«ሰው የለውም። ቅጂ ነው።»

«እሰይ! ሰው የሌለበት ቤት ሰው ማስተዳደር ያስተምራል። እኔን ቢቀጥሩኝ እኮ በግማሽ ዋጋ ዝም ብዬ አወራላቸው ነበር።»

«ዝም ብለሽ ነው የምታወሪው?»

«ሂጂ እዚያ! የአንቺ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነው። ወተቷን እስካይ አላምንም።»

«የመጀመሪያውን ብርጭቆ ላንቺ ነው የምቀዳው» አለች ዓይናማ፣ ከስልኳ ቀና ሳትል። ሠላሳ ዘጠኙን ትምህርት አልፋለች፤ የቀራት አርባኛው ነበር።

የመጨረሻው ፈተና የሚሰጠው በቤት ውስጥ፣ በካሜራ ፊት፣ ለሁለት ሰዓት ነው። ደንቡ አጭር ነው። ተፈታኙ በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ይሁን፤ ከወንበሩ አይነሣ፤ ዓይኑ ከስክሪኑ አይለይ። እንግዲህ አንዲት ሴት ያላት አንድ ጥንድ ዓይን ነው። ሐኪሙ ከልጅሽ አይለይ አለ፤ ተቋሙ ከስክሪኑ አይለይ አለ። ሁለቱም ትእዛዝ በጽሑፍ ይገኛል። «ሥራና ልጅ ለያዛችሁ» ብሎ የጠራ ተቋም የጠራቸው ሰዎች ልጅ እንዳላቸው አላውቅም ሊል አይችልም፤ ያውቅ ነበር፤ አውቆም ደንቡን ጻፈ።

ዓይናማ መላ አበጀች። እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥር ሬዲዮ ልጅቷን ቤቷ ወስዳ ልትጠብቅላት ተስማሙ። ቅዳሜ ከሥራ መውጫ ላይ ግን ሬዲዮ ዓይናማን እጇን ስትታጠብ አገኘቻትና አንገቷን ደፋች።

«እቴ፣ ጉድ ፈላ። ነገ ትርፍ ሰዓት ግቢ ተብያለሁ።»

«ነገ? ፈተናዬን እያወቁ?»

«አንቺንማ ፈቃድ ሰጥተውሻል፤ የተለጠፈው የኔ ስም ነው። ጭነቱ ሰኞ ካልወጣ ገዢው ይሰርዘዋል አሉ። ብቀር ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለት አለኝ፤ ሦስተኛው በሩን ማሳየት ነው።»

«ግቢ በቃ። በኔ ምክንያት አትባረሪም።»

«ልጅቷንስ?»

«አንድ ነገር አደርጋለሁ።»

«ምን ታደርጊያለሽ? ቦርሳሽ ውስጥ አትከቻት!»

አከራይዋን ለመነች። አከራይዋ በሩን በግማሽ ከፍተው፣ «እወዳታለሁ፣ አምላክ ያውቃል። ግን በኔ እጅ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ? አልችልም እናቴ፤ የኔም ልብ ደካማ ነው» አሉ። ለተቋሙ ጻፈች፤ መልሱ ወዲያው ደረሳት፤ የቀን ለውጥ ጥያቄ የሚቀርበው ፈተናው ከመድረሱ አሥር ቀን አስቀድሞ ነው። እንግዲህ የፋብሪካውን የትርፍ ሰዓት ማስታወቂያ ከመለጠፉ ዘጠኝ ቀን በፊት ማንበብ ነበረባት ማለት ነው።

እሑድ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛዋን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ላፕቶፑን አስቀመጠች። ክፍሏ አንድ ናት። አልጋው ከጠረጴዛው በስተግራ ነው፤ ካሜራው አያየውም። ልጅቷን አልጋው መሀል አስቀምጣ ዙሪያዋን በትራስ አጠረቻት።

«እሜቴ፣ ስሚኝ። ይቺ ማሽን ብቻዬን ያለሁ ነው የሚመስላት።»

«እንዋሻት?»

«ዝም እንበላት።»

«ዝም ማለትና መዋሸት አንድ ነው እንዴ?»

«ዛሬ አንድ አይደለም። ወደ አንቺ ሳይ አውራ ጣትሽን ታነሺልኛለሽ። ካላነሳሽ እመጣለሁ።»

«ባየሽኝ ቁጥር ወረቀቴ ላይ መስመር ላድርግ?»

«አድርጊ» አለች እናቲቱ፤ እጅ የሚጽፍ ከሆነ ልጅቷ አልፈዘዘችም ማለት ነው ብላ አስባ።

እናቲቱ ላፕቶፑን አዙራ ክፍሉን ለካሜራው እስክታሳይ ድረስ ልጅቷ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከደጃፉ ውጭ ቆመች፤ ከዚያ በእግር ጣቷ እየረገጠች ገብታ ትራሷ መሀል ተቀመጠች። ስክሪኑ ጠየቀ፦ ክፍሉ ውስጥ ብቻዎን ነዎት? «አዎ» የሚለውን ተጫነች። በአራት ዓመት ትምህርቷ ውስጥ የተናገረችው ሐሰት ይህ ነው፤ አንድ ቃል፣ ሁለት ፊደል።

ከዚያ ፈተናው ነጎደ። ጥያቄ ታነባለች፣ ትመልሳለች፣ ወደ ግራ ታያለች፤ አውራ ጣት ይነሣል፣ እርሳስ ይንቀሳቀሳል። ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ ላይ ስታይ ጣቱ አልተነሣም። ሰውነቷ ከወንበሩ ግማሽ ከፍ አለ። ልጅቷ አፍንጫዋን እያከከች ኖሮ፣ ደንግጣ ሁለቱንም አውራ ጣቶች በአንድ ጊዜ አነሣች። እናቲቱ ተቀመጠች።

ሲያበቃ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ብቅ አለ፦ ሰማንያ ስምንት ከመቶ።

«አለፍኩ! እሜቴ፣ አለፍን!»

«እኔም አልተንቀሳቀስኩም» አለች ልጅቷ፣ ወረቀቷን እያሳየች። «አርባ ሦስት ጊዜ አየሽኝ። ስታይኝ ዓይንሽ ትልቅ ይሆናል።»

ማክሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ ውስጥ እንደቆመች ስልኳ ጮኸ። ፈተናዋ ተሰርዟል። ተፈታኟ በሁለት ሰዓት ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ዓይኗን ከስክሪኑ አንሥታ ወደ ግራ ተመልክታለች፤ እያንዳንዱ በአማካይ ሁለት ሴኮንድ ወስዷል፤ ስለዚህ መልስ ከተከለከለ ምንጭ እንደወሰደች ይቆጠራል። ለሁለት ዓመት መፈተን አትችልም። ተደምረው ሰማንያ ሁለት ሴኮንድ ናቸው። አንድም መልስ ከግራ እንደመጣ የተረጋገጠ ነገር የለም፤ የስድስት ዓመት ልጅ ስለ ሰው ኃይል አስተዳደር ልትናገር የምትችለውንም የመረመረ የለም። ማሽኑ ዓይኗ መንቀሳቀሱን አየ፤ ወደ ምን እንደተንቀሳቀሰ ለማየት ግን ሰው መሆን ያስፈልግ ነበር፤ ሰው ደግሞ ዋጋ ያስወድዳል።

እውነት ያድነኛል ብላ አመነች። የሐኪሙን ወረቀት፣ «ዓይንሽ አይለያት» የሚለውን፣ ፎቶ አንሥታ ላከች። የልጅቷንም ወረቀት፣ መስመሮቹ የተጋደሙትንና የተንጋደዱትን፣ ከእርሱ ጋር አያይዛ ላከች። ከሥሩም፣ «ወደ ልጄ ነው ያየሁት፤ ይኸው ራሷ ቆጥራለች» ብላ ጻፈች። መልሱ አንድ ደቂቃ አልፈጀም፦

«ውድ ተማሪ፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። ያቀረቡት ማስረጃ በፈተናው ወቅት ሁለተኛ ሰው በክፍሉ ውስጥ እንደነበረ ያረጋግጣል። ዓይንዎን ያነሡትም አርባ አንድ ሳይሆን አርባ ሦስት ጊዜ መሆኑ ተመዝግቧል። ውሳኔው ጸንቷል። መልካም ቀን።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል ይሆናል። እሷ ግን ከቆጡ አልተንጠራራችም፤ የሚጠፋባትን የራሷን ለመያዝ ብቻ ነበር እጇን የዘረጋችው።

የተቆረጠው ቀን ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት። ወንበር ሳበላት፤ ይህንንም ከዚያ በፊት አድርጎት አያውቅም።

«ያለ አንቺ ይህ ክፍል እንደማይቆም እኔ አውቃለሁ» አላት።

«ካወቁ ይጻፉልኝ።»

«ደንቡ ላይ የለማ፣ እህቴ። ደንብ ነው እንግዲህ። አዲሱ ኃላፊ ሰኞ ይጀምራል፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ በቅርብ ነው የተመረቀው። ሥራውን ታሳዪዋለሽ አይደል?»

«ዓይኔን አውልቄ ልስጠው?»

«እንዲህ አትበይ እንጂ!»

«ፈረቃዬ መቼ ነው?»

ወረቀቱን አገላበጠ። «ከሰኞ ጀምሮ ሌሊት» አለ፣ ወደ መስኮቱ እያየ። እሱም ዓይኑን አነሣ፤ የቆጠረበት ግን የለም።

በዚያው ቀን ሬዲዮ ከሥራ በኋላ ተከትላት ቤቷ መጣች። ሌሊት ሌሊት ልጅቷን ማን እንደሚጠብቅ መከሩ፤ ሬዲዮም በፈረቃ ናት፤ አከራይዋ ልባቸው ደካማ ነው፤ የምታድር ሠራተኛ ለመቅጠር የክር ቆራጭ ደመወዝ አይበቃም። ምክሩ ተመልሶ ከጀመረበት ቦታ ደረሰ። ሬዲዮ እንባዋ መጣባትና በቁጣ ሸፈነችው።

«አንቺስ ብትሆኚ! አርባ ጊዜ ምን አሳየሽ? ሁለት ሰዓት ጨክነሽ ብታልፊው ምን ነበረበት?»

«አንቺ ትችዪ ነበር?»

ሬዲዮ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አጠለቀችና ወጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትናገር የሄደችበት ቀን ነው።

ልጅቷ አልጋው ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

«እኔን ስላየሽ ነው የጣሉሽ?»

እናቲቱ ጨርቅ ታጥፍ ነበር፤ መልሳ ዘረጋችው።

«እኔ እኮ ዝም ብዬ ነበር» አለች ልጅቷ። «ጣቴንም አንሥቻለሁ። ለምን አየሽኝ?»

አርባ ትምህርት ተምራለች፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ግን ከአርባዎቹ አንዱም አላስተማራትም።

ልጅቷ ከአልጋው ወርዳ በርጩማውን ጎተተች፤ ከእናቷ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጥግ አስቀመጠችውና ተቀመጠችበት። «ከዚህ አታይኝም። ስትፈተኚ እዚህ እሆናለሁ። ዞር ሳትዪ ሥሪ፤ እንሞክረው።»

እናቲቱ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። የተዘጋው ላፕቶፕ ፊቷ ነው። ከኋላዋ መጀመሪያ የበርጩማው እግር ሲንቀጫቀጭ ተሰማት፣ ቀጥሎ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ምንም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረች። አምስት ላይ አልቻለችም፤ ዞረች።

ልጅቷ እርሳሷን ይዛ ቀና ብላ እየጠበቀቻት ነበር። አሮጌውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከአርባ ሦስቱ መስመር ጎን አንድ ጨመረችበት።

«ይኸው» አለቻት። «አሁንም ወደቅሽ።»