የሙሽራው ጥላሸት

ልጅ ሳለሁ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ጓሮ፣ ጋሼ ዘውዱ የከሰል ምድጃቸውን እየጠረጉ ተረት ይነግሩን ነበር። ሥራቸው ሥጋ መጥበስ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ከመምጣታቸው በፊት ግን ስኮትላንድ ውስጥ ዓሣ ፋብሪካ ዓመታት ሠርተዋል። እናቴ እዚያው አስተናጋጅ ስለነበረች፣ ከትምህርት ቤት መልስ ከሌሎቹ የሠራተኛ ልጆች ጋር ባዶ ጀሪካን ላይ ቁጭ ብዬ አዳምጣቸዋለሁ። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ፍሙ ፊታቸውን ከታች እያበራው፣ ያኔ ከዚያ ጓሮ የሚበልጥ ቦታ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከሁሉ የምወደው የሙሽራውን ነው። በስኮትላንድ ሰርግ ሲቃረብ የሥራ ጓደኞቹ ሙሽራውን ድንገት ይይዙታል፤ አስረው ጥላሸት፣ ዱቄት፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሳይቀር ይለቀልቁትና በጭነት መኪና ጭነው፣ ድስት እየደበደቡ ከተማውን ያዞሩታል። ይህን የቻለ ትዳርንም ይችላል ይባላል አሉ። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ተንበርክከው፣ «ማሩኝ ጌቶቼ! ማሩኝ!» ሲሉ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን።

እህቴ ሰብለ ዮናስን ልታገባ ሳምንት ሲቀራት ነገሩን የጠነሰስኩት እኔ ነኝ። ዮናስ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ኮሪያታውን የሚባለው ሰፈር ከሦስት ሰው ጋር ቤት የሚጋራ ዝምተኛ ሰው ነበር። አገር ቤት ታስሮ እንደነበር እናውቃለን፤ እሱ አያነሳውም፣ እኛም አንጠይቀውም። ለዮናስም ይደረግለት ብዬ ጋሼን ነዘነዝኳቸው። «አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ልታስጠሪብኝ ነው!» ብለው ሳቁ፤ በመጨረሻ እሺ አሉ። የዮናስ የሥራ ጓደኞችም «ኦኬ፣ መያዙን ለእኛ ተዉት» አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰብለን ሊወስድ መጥቶ ጓሮው ውስጥ ፓርክ እንዳደረገ ሁለት የሥራ ጓደኞቹ ከኋላ ያዙት። ፊቱን በዱቄት ጆንያ የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ጆንያ ተረቱ ውስጥ የለም፤ የራሴ ጭማሪ ነበር። ዮናስ ተንበረከከ። «ማሩኝ ጌቶቼ! ማሩኝ! እናገራለሁ!» አለ። ወይ ጉድ፣ ልክ እንደ ጋሼ! ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም አንድ እፍኝ ጥላሸት አንገቱ ላይ በተንኩበት። ከዚያ የሰዎች ስም መጥራት ጀመረ፣ አንድ በአንድ፣ ከነአባታቸው ስም።

ቀድመው የገባቸው ጋሼ ናቸው። «ልቀቁት! ልቀቁት እናንተ!» ብለው ጆንያውን ሲገፍፉለት ዓይኑን አልገለጠም። ሱሪው ርሷል። ሰብለ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር።

ሰርጉ ቀረ። ዮናስ በዚያው ሳምንት ቤቱን ለቀቀ፤ ስልኩም ተዘጋ። ሰብለ ስንት ጊዜ ፈለገችው፣ አላገኘችውም። እኔን አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም፤ ልጅ ነሽ፣ ምን ታውቂያለሽ ነው ያለችኝ።

ከጠራቸው ስሞች ሁለቱን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፤ ሰዎቹ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። አንዳንዴ ጥፋቱን ለጋሼ ላካፍላቸው ይቃጣኛል። ግን ያኔ፣ እሱ ስም መጥራት ሲጀምር ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ፣ እየሳቅኩ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።