በጭስ ቧንቧው ዙሪያ የሚዞር መዳፍ

አጎቴ ካረፉ ገና ወር አልሞላም። ጠዋት ጠዋት ግን አሁንም ማይ ጭሆት ሰፈር ባለው ግቢያችን፣ ማኪናችን አጠገብ ጎንበስ ብለው የማያቸው ይመስለኛል።

ከነፃነት በኋላ ከጣሊያን የመጣችልን ይህች ትንሽ ማኪና ቤንዚን መብላት ጀምራ ነበር። መመሪያዋን አንብቤ አስረዳኋቸው፦ በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር አለ፤ ሞተሩ ቤንዚኑን የሚመጥነው እሱን ሰምቶ ነው፤ ስለዚህ ሴንሰሩ ይቀየር።

«ጥሩ አስተማርሽኝ፣ መምህርቲ» አሉኝ እየሳቁ። «ግን ሴንሰሩን ከመክሰሳችን በፊት የነገረንን እንመርምር።»

ሞተሩን ገና ቀዝቃዛ ሳለ አስነሥተው መዳፋቸውን በቧንቧው መጋጠሚያ ዙሪያ ቀስ ብለው አዞሩ። ከሴንሰሩ በፊት ካለ ስንጥቅ የሚወጣ ነፋስ መዳፋቸውን ነካ። ሴንሰሩ በዚያው ስንጥቅ መልሶ የገባውን አየር ለክቶ፣ ኦክስጅን በዝቷል ብሎ ነበር፤ ሞተሩም እሱን ሰምቶ ቤንዚን ይጨምር ነበር።

«ያየውን ነው የተናገረው» አሉ። «ውሸታም ያልነው እኛ ነን።»

ስንጥቁ ከተበየደ ወዲህ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ሁልጊዜ መዳፋቸውን አስጠግተው፣ «ደሓን ነው፣ ሂጂ» ይሉኝ ነበር።

ባለፈው ሰኞ የማኪናዋ የማስጠንቀቂያ መብራት በራ። ሞተሩ ሳይሞቅ ጎንበስ ብዬ እጄን እንደሳቸው አዞርኩ። ቀጭን ነፋስ ጣቴን ነካኝ።

«አገኘሁት፣ አጎቴ» ብዬ ቀና ስል ግቢው ባዶ ነበር።