ከወረቀቱ የተሰረዘችው ትንፋሽ

ፕሮፌሰሩ በሰው ቤት ወይ በሰው መኪና ቢቀና ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን የቀናው፣ ጉድ እኮ ነው፣ በእትዬ ምላጭ እጅ ነው።

እትዬ ምላጭ የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ናት፤ ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቹ ናቸው። ሰም ውስጥ የደረቀ የአይጥ አንጎል መቁረጫው ማሽን ላይ ታስርና እጀታውን በቀኟ እያዞረች ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቁራጭ ታወጣለች፤ በግራዋ በቀጭን ብሩሽ ትቀበለዋለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። እሱ ደግሞ እሷ የቆረጠችውን በማይክሮስኮፕ እያየ ፍርሃት አንጎል ውስጥ የት እንደሚያድር ሲመራመር ኖረ። ስለዚሁ የጻፈው ትልቁ ጽሑፍ ዕድሜውን በልቶታል፤ ፀጉሩንም ጭምር።

አንድ ቀን ጽሑፎቹን ስንት ሰው እንደጠቀሳቸው ኮምፒውተር ላይ ሊያይ ተቀመጠ። ምነው ባላየ! ትልቁ ጽሑፍ የተጠቀሰው አርባ ጊዜ ነው፤ ከአርባው አሥራ ሁለቱን የጠቀሰው ራሱ ነው። ስለ አቆራረጡ ለወጉ ያህል የጫራት ባለ ሁለት ገጽ ግን ከአራት ሺህ በላይ! ለካ ዓለም እሱን የሚያውቀው በእሷ እጅ ኖሯል። ስሟ ደግሞ ሁለቱ ገጾች ላይ የለም፤ ጸሐፊው እሱ ብቻ ነዋ።

ይባስ ብሎ እንግዳ ተመራማሪ በመጣ ቁጥር እጁን ጨብጦ ሳይለቅ «ያቺ የምትቆርጠዋ ሴትዮ አለች?» ይላል። ይህንኑ ራት ላይ ለሚስቱ ቢነግራት ሳቋን ለቀቀችው።

«በዚህ ዕድሜህ በሴትዮዋ እጅ ትቀናለህ? ኧረ እፈር!»

«ማን ቀና?» ብሎ ተቆጣና ራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው ከሩቅ አገር የምርምር ማዕከል ደብዳቤ የመጣው። «በእርስዎ አቆራረጥ ሞክረን ቁራጩ እየተጠቀለለ አስቸገረን። እባክዎ የሚቆርጥልዎትን ሰው ይላኩልን፤ መጥቶ ያሳየን» ይላል። እትዬ ምላጭ በሚቀጥለው ወር ጡረታ ትወጣለች፤ አውሮፕላን የምታውቀው ከላይ ሲያልፍ ነው። ደብዳቤው የእሷ ነበር፣ ሌላ እንዲህ ያለ ደብዳቤም አይመጣላትም። ፕሮፌሰሩ ይህን አሳምሮ እያወቀ ሁለት ቀን በኪሱ ይዞት ዞረና በሦስተኛው «እኔው እመጣለሁ» ብሎ መለሰላቸው። ለእሷ ስብሰባ እሄዳለሁ አላት።

«በሰላም ይመለሱ» አለችው ብሩሿን እያጠበች። ዓይኗን ማየት አቃተው፤ ግን ሄደ።

እዚያ ሠላሳ ሰው ማሽኑን ከቦ ጠበቀው። ሃያ ስድስት ዓመት ማየት መቁረጥ መስሎት የለ? የመጀመሪያው ቁራጭ ተቀደደ። ሁለተኛው ተጠቀለለ። አምስተኛው ላይ ሰውዬው ላብ በላብ ሆነ፤ ከኋላ ያሉት ወንበር ላይ ቆመው ነበር፣ አንድ በአንድ ወረዱ።

ጋባዧ ተመራማሪ አዘነችለት። «ፕሮፌሰር፣ የሚቆርጥልዎት ሰው ጋ ብንደውልስ?»

እምቢ ቢል ጉዱ ይወጣል፤ እሺ ቢልም ይወጣል። ደወለ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት፤ የአገሩ ልጅ የሆነችው ጋባዧም ለሰዉ መተርጎም ጀመረች።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። ቁራጩ ተጠቀለለብኝ።»

«እንዴ፣ እርስዎ ነዎት የሚቆርጡት?» አለች። ቀጥላም፣ «ትንፋሽ ሰጡት?»

«ምን?»

«ሰሙን ነዋ! ከመቁረጥዎ በፊት መነጽር ሲጠርጉ እንደሚያደርጉት ሃ ይበሉበት! ያኔ ሲጽፉ ነግሬዎት አልነበር?»

ነግራዋለች። ጽፎትም ነበር፤ ኋላ ግን ሳይንስ በአፍ ትንፋሽ ይሠራል ቢባል ይሳቅብኛል ብሎ መስመሯን ሰረዛት።

ጎንበስ ብሎ ሃ አለበትና እጀታውን አዞረ። ቁራጩ ሳይሸበሸብ፣ ሳይቀደድ፣ ዘርጋ ብሎ ወጣለት። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። በዕድሜው በገዛ እጁ አሳምሮ የቆረጠው የመጀመሪያው ነው፤ እንደ ልጅ ደስ አለው። ወዲያውም እንደገና ቀና፤ ይህን ደስታ እሷ ሃያ ስድስት ዓመት በየቀኑ ስታገኘው ኖራለቻ!

«ታዲያ» አለች ጋባዧ እየሳቀች፣ «እኛ የጠራነው እኮ እሳቸውን ነበር። ለምን አላመጧቸውም?»

ስልኩ አልተዘጋም። ሰበብ እንደሆነ ሞልቶታል፤ ታመመች ይላል፣ ፓስፖርት የላትም ይላል። አንዱም ከአፉ አልወጣ አለው።

«ቀንቼባት ነው» አለ።

ሰዉ ቀልድ መስሎት በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ምላጭ ብቻ አልሳቀችም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«አውቃለሁ» አለችው። «በሉ አሁን ሁለተኛውን ይቁረጡ፤ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው።»