ለቅሶ ቤት የገባኝ እንቶኔ

ቅዳሜ ቅዳሜ ካርቲየ 6 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ልጆች አማርኛ ሳስተምር ግነትን ለማስረዳት አልቸገርም። «ሙቀቱ ገደለኝ» ስላቸው ወዲያው ይገባቸዋል፤ በሐምሌ ጅቡቲ ውስጥ ይህን ያላለ የለም። የሚያስቸግረኝ እንቶኔ ነው፤ የሌለን ሰው እንዳለ አድርጎ ማናገር። «ካልሰማ ለምን ያናግሩታል?» ይሉኛል። እውነት ለመናገር እኔም የገባኝ ከመጽሐፍ አይደለም።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። መንገድ ላይ ልቡ ቆመና ሬሳው መጣልን። ካርቲየ 1 ያለው ቤታችን ደጃፍ ድንኳን ተተከለ። ቀብሩ አለፈ፤ እናቴ ግን እንባ ጠብ አላላትም። ሐዘኑ ውስጧ ገብቶ እንዳያሳምማት ሴቶቹ ይንሾካሾኩ ጀመር። እኔም ፈራሁ። አባቴን አጥቼ እሷንም ላጣት ነው ብዬ ፈራሁ።

አልቃሽ ተፈለገ። የመጡት ገበያ ልብስ የሚሸጡ፣ የእናቴ ማኅበርተኛ የሆኑ ሴትዮ ነበሩ። ደረታቸውን እየመቱ አባቴን አንበሳ ገዳይ፣ ፈረስ ጋላቢ አደረጉት። የሙሾ ወጉ ነው፤ ሟች ከፍ ይላል፣ ዋሸሽ የሚል የለም። አባቴ እኮ በረሮ እንኳ እናቴን ጠርቶ ነበር የሚያስገድለው። እሷም ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ ሁሉ መሬት መሬት ታያለች። ተናደድኩ።

ሴትዮዋ ትንፋሽ ሲወስዱ ተጠግቼ «እትዬ፣ አንበሳውን ይተዉት» አልኳቸው በጆሯቸው። «አባዬ ከመንገድ ሲመለስ አስፋልቱ ዳር ሆኖ ክላክስ ያደርጋል። እማዬ እሱን ስትሰማ ሽሮ ትጥዳለች። እሱን ይበሉላት።»

«ይኼማ ምኑ ሙሾ ይሆናል፣ ልጄ?»

«ግድ የለም፣ ይሞክሩት።»

ከዚያ ደረት መምታቱን ትተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አባቴን ደጅ የቆመ ያህል ያናግሩት ጀመር፤

«ምነው ዝም አልክባት፣ አስፋልቱ ዳር ሳለህ፣
ክላክሱን አሰማት፣ ሽሮ ትጣድልህ።»

እናቴ ቀና አለች። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣችና በሴቶቹ መካከል አልፋ ወደ ማድ ቤት ገባች። ሊይዟት ሲሉ ተዉአት ብዬ ተከተልኳት። ቡታጋዙን ለኩሳ፣ ድስቱን ጥዳ፣ ውሃውን ስትጨምር ደረስኩ። ማንኪያውን እንደያዘች ጆሮዋን ወደ ደጅ ጥላ ታዳምጥ ነበር። ብዙ ቆየች።

«አልመጣም እኮ» አለችኝና ያን ጊዜ አለቀሰች።